የሚያፈስ የነዳጅ ጉድጓድ ማስቆሚያዎች ግምገማ፦ ማኮንዶ ላይ ከተሞከሩት ስምንቱ የሠራው የትኛው ነው?

ባሕር ወለል ላይ አፉ ተሰብሮ ድፍድፍ ነዳጅ የሚተፋ ጉድጓድ ሲገጥም የሚቀርቡት መሣሪያዎች ሁለት ወገን ናቸው። አንዱ የሚፈሰውን ይሰበስባል፤ ሌላው ጉድጓዱን ይዘጋል። ጣሪያ ሲያፈስ ሳፋ መደቀንና ቆርቆሮውን መቀየር አንድ ሥራ እንዳልሆነ ሁሉ እነዚህም አንድ አይደሉም። በዜና ግን ሁለቱም «መፍትሔ» ተብለው ስለሚቀርቡ ሰው ይደናገራል፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ ውሳኔ ሰጪዎችም መደናገራቸው ነው።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንንገር። ለጥልቅ ባሕር ጉድጓድ ገንዘብ የሚወጣበት መሣሪያ ካፒንግ ስታክ፣ ጉድጓዱ አናት ላይ የሚተከል የቫልቮች ቁልል፣ ነው። ጉዳዩን ለዘለቄታው የሚቋጨው ደግሞ ከጎን ተቆፍሮ ከሥር የሚያገኘው አጋዥ ጉድጓድ ነው። የቀሩት ወይ ጊዜ መግዣ ናቸው፣ ወይ ለትንሽ ፍሰት ብቻ የሚሆኑ፣ ወይ ያለቦታቸው የገቡ።

ለዚህ ግምገማ ከማኮንዶ የተሻለ መፈተኛ የለም፤ ስምንቱም ዘዴዎች በአንድ ጉድጓድ ላይ፣ በአንድ ወቅት ተሞክረዋልና። ጉድጓዱ ከአሜሪካዋ ሉዊዚያና ጠረፍ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ 1,500 ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2010 ዲፕዋተር ሆራይዘን የተባለው የቁፋሮ መድረክ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሞቱ፤ ከሁለት ቀን በኋላ መድረኩ ሰጠመ። ፍሰቱ የቆመው በ87ኛው ቀን ነው። የአሜሪካ መንግሥት የባለሙያዎች ቡድን በግምቱ ፍሰቱን መጀመሪያ ላይ በቀን 62,000 በርሜል፣ መጨረሻ ላይ 53,000 በርሜል አድርሶታል። አንድ በርሜል 159 ሊትር ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ከታች ብዙ ነገር የሚወሰነው በእሱ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ጉድጓዱ አናት ላይ ድሮውኑ የተተከለውን መከላከያ፣ ቢኦፒ የሚባለውን፣ በሰው አልባ ሰርጓጅ ሮቦት መዝጋት ነበር። ቢኦፒ እንደ ፎቅ የተደራረቡ የሃይድሮሊክ መዝጊያዎች ስብስብ ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ ቧንቧውን ቆርጦ ጉድጓዱን እንዲደፍን የተሠራ ባለ ምላጭ ነው። በኋላ ተነቅሎ ሲመረመር ቧንቧው ከግፊቱ የተነሣ ጎብጦ ከመሃል ወደ ጎን ሄዶ ነበር። ምላጮቹ ጠርዙ ላይ ያገኙትን ቧንቧ ጨፍልቀውታል እንጂ ሙሉ በሙሉ አልቆረጡትም። በዚያ ላይ ከሁለቱ የመቆጣጠሪያ ሳጥኖች በአንዱ ባትሪው ደክሞ፣ በሌላው ደግሞ አንድ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቫልቭ) ሽቦው ተገላብጦ ተገጥሞ ተገኝቷል። ስለዚህ ቢኦፒ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ሥራው ግን ከፍንዳታው በፊት ነው። ግፊቱ ካመለጠ በኋላ ሮቦት ልኮ መዝጋት መሞከር ተገቢ ቢሆንም ተስፋ የሚጣልበት አይደለም። ሁለቱም ሳጥኖች ከመርከብ ወደ ባሕር ከመውረዳቸው በፊት ሶሌኖይዱ በጥንድ ሳይሆን ለየብቻው ካልተፈተነ እንዲህ ያለው ጉድለት አይታይም፤ አንዱ የሌላውን ስሕተት ይሸፍነዋል።

ቀጥሎ የመጣው 12 ሜትር ቁመትና 100 ቶን ገደማ ክብደት ያለው የብረት ጉልላት ነው። በሜይ መጀመሪያ ሳምንት ወርዶ የሚያፈሰው ቧንቧ ላይ ሲደፋ ጣሪያው ወዲያው በበረዶ መሰል ነገር ተደፈነ። ይህ ሃይድሬት ይባላል። ሚቴን ጋዝና ውኃ በ4 ወይም በ5 ዲግሪ ቅዝቃዜ በ150 ባር ግፊት ሥር ሲገናኙ ይጋገራል፤ ከውኃ ስለሚቀልም ጉልላቱን ወደ ላይ ማንሳት ጀመረ። ጥፋቱ የጉልላቱ ሐሳብ አይደለም። ጥፋቱ ሙቅ ውኃና ሃይድሬት የሚከላከለው ሜታኖል የሚባል አልኮል አስቀድሞ ውስጡ ሳይዘዋወር ጋዙን ከቀዝቃዛ ውኃ ጋር በአንድ ክፍል ማጎር ነው። ጥልቀቱ ሲያንስ ይኸው ሐሳብ በደንብ ይሠራል፤ በ2004 በአውሎ ነፋስ ኢቫን ወድቆ ለዓመታት ሲያፈስ በኖረው የቴይለር ኢነርጂ ኩባንያ መድረክ ቦታ ላይ በ2019 የተተከለው ሰብሳቢ ድፍድፉን በተሳካ ሁኔታ ይዟል። እዚያ ውኃው 140 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ 14 ባር ላይ ሃይድሬት አይጋገርም፤ ፍሰቱም ከማኮንዶ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሦስተኛው በተሰበረው ባለ 21 ኢንች ራይዘር፣ ማለትም ጉድጓዱን ከመድረኩ ጋር ያገናኝ በነበረው ትልቅ ቧንቧ፣ ውስጥ ባለ 4 ኢንች ቱቦ ማስገባት ነበር። ከሜይ 16 ጀምሮ ለዘጠኝ ቀናት ያህል ሠርቶ በጠቅላላው 22,000 በርሜል ገደማ አወጣ። ከላይ ያዛችሁትን ቁጥር አምጡና አስተያዩት፤ የግማሽ ቀን ፍሰት እንኳ አይሞላም። ሆኖም አንድ ነገር አስተምሯል። ሜታኖል ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ከገባ ሃይድሬት መከላከል ይቻላል።

አራተኛው ቶፕ ኪል የሚባለው ነው፤ ጠለቅ ብለን የምናየውም እሱን ነው፣ ምክንያቱም እስከ ዛሬ ድረስ «ጭቃ ጨምሩበት» የሚለው ምክር በየቦታው ይሰማል። ሐሳቡ ይህ ነው። ከባድ የቁፋሮ ጭቃ ከቢኦፒው ጎን ባሉት ቾክና ኪል በሚባሉ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ይገፋል። ጭቃው ወርዶ ጉድጓዱን ከሞላ የአምዱ ክብደት ድፍድፉን ይጫነዋል። ማኮንዶ ላይ የተጠቀሙበት ጭቃ በሊትር ወደ 2 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ በነዳጅ ሰዎች አነጋገር 16.4 ፓውንድ በጋሎን። ፓምፖቹ በደቂቃ እስከ 80 በርሜል ገፉ። ከሜይ 26 እስከ 28 ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ከ30,000 በርሜል በላይ ጭቃ ገባ። ጉድጓዱ ግን አልሞተም።

ምክንያቱን ለማየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ጭቃው የሚገባው የት ነው? የሚገባው ከጉድጓዱ አናት፣ ከተሰበረው ቢኦፒ ሥር ነው። እዚያ ሲደርስ ሁለት መንገድ አለው። ወይ ከታች የሚመጣውን ድፍድፍ ገፍቶ 4,000 ሜትር መውረድ፣ ወይ በቢኦፒው ስንጥቅ በኩል ጥቂት ሜትር ሄዶ ባሕር ውስጥ መውጣት። ፈሳሽ የሚሄደው በሚቀለው በኩል ነው። ወደ ታች እንዲሄድ ከተፈለገ ስንጥቁ ላይ የሚፈጠረው መጨናነቅ ከጉድጓዱ ግፊት መብለጥ አለበት። በቀን 60,000 በርሜል ማለት በደቂቃ 42 በርሜል ነው፤ ያውም ጋዙ ተለይቶ ታንክ ውስጥ ከተለካ በኋላ። ከሥር 42 እየመጣ ከጎን 80 ቢገፋም አብዛኛው ጭቃ ወደ ባሕር ወጣ። ያን ጊዜ ለሕዝብ የሚነገረው ፍሰት በቀን 5,000 በርሜል ነበር። ፍሰቱ ከ15,000 ካለፈ ቶፕ ኪል እንደማይሠራ የሚያሳይ ስሌት ደግሞ በባለሙያዎቹ እጅ እንደነበር በኋላ ፍርድ ቤት የደረሱ ሰነዶች አሳይተዋል። መለኪያ ሳይኖር መድኃኒት ማዘዝ ይሉታል ይህ ነው።

ስንጥቁን ለማጥበብ የጎማ ኳስ፣ የጎልፍ ኳስ፣ የመኪና ጎማ ቁራጭና የተቋጠረ ገመድ አብሮ ተረጭቷል። ይህ ለማያውቅ ሰው ቀልድ ይመስላል፤ ግን የኖረና የተከበረ ዘዴ ነው። ቁራጮቹ ከስንጥቁ ስፋት ጋር ሲመጣጠኑ ትልቁ ይያዛል፣ ትንሹ በትልቁ ላይ ይጠራቀማል፣ ጭቃው ቀሪውን ይደፍናል። መጠናቸው የሚመረጠው ግን የስንጥቁ ቅርጽ ሲታወቅ ነው፤ ማኮንዶ ላይ ደግሞ የቢኦፒውን ውስጥ ያየ ሰው አልነበረም።

ቶፕ ኪልን ጨርሶ አንጥለውም። በ2012 በሰሜን ባሕር በኤልጂን መድረክ ላይ ጋዝ ሲያመልጥ ሠርቷል፤ ፍሰቱ ትንሽ ነበርና። በካሊፎርኒያው አሊሶ ካንየን ግን ከኦክቶበር 2015 ጀምሮ ሰባት ጊዜ ተሞክሮ ሰባቱንም ጊዜ ከሽፏል፤ ጉዳዩ ያበቃው በፌብሩዋሪ 2016 አጋዥ ጉድጓድ ሲደርስ ነው።

ከቶፕ ኪል በኋላ ራይዘሩ ተቆርጦ ከላይ ክዳን ተቀመጠበት። የአልማዝ ገመድ መጋዙ መሃል ላይ ተቀርቅሮ ስለቀረ የቆረጡት በትልቅ ሃይድሮሊክ መቀስ ነው። የመቀሱ አቆራረጥ ጠርዙን አወለጋገደው፤ ክዳኑም ልክ አልገጥም ብሎ በዙሪያው ማፍሰሱን ቀጠለ። ቢሆንም ከጁን 3 ጀምሮ በቀን ወደ 15,000 በርሜል ወደ ላይ ያወጣ ነበር፤ በጁን አጋማሽ ከጎን መስመር የሚቀበል ሌላ መርከብ ሲጨመር ጠቅላላው 25,000 ገደማ ደረሰ። ከሰብሳቢዎቹ ሁሉ የተሻለው ይህ ነው። ክዳኑ ሲወርድ ሜታኖል እየተረጨ፣ ማውጫ ቱቦው በሙቅ ውኃ እየታጠበ ስለነበር በሃይድሬት አልተደፈነም። የጉልላቱ ትምህርት እዚህ ላይ ተሠርቶበታል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ካፒንግ ስታክ ማለት ባጭሩ ከላይ የሚቀመጥ ሁለተኛ ቢኦፒ ነው፤ መሃሉ ክፍት የሆነ የቫልቮች ቁልል። ማኮንዶ ላይ የተተከለው ሦስት መዝጊያዎች ነበሩት፤ ክብደቱም 75 ቶን ገደማ ነበር። ብልሃቱ ያለው በቀዳዳው ነው። ሲወርድ ሁሉም መዝጊያዎች ክፍት ስለሆኑ ፍሰቱ በውስጡ አልፎ ይወጣል እንጂ ከሥር አይገፋውም። እንደ ክዳን ተዘግቶ ቢወርድ ኖሮ ማንም ክሬን አረጋግቶ አያስቀምጠውም ነበር።

የተከላው ሥራ የሚበላሸው ከመገጣጠሚያው ላይ ነው። መጀመሪያ ሮቦቶቹ ከቢኦፒው አናት ላይ ያሉትን ስድስት ብሎኖች ፈትተው የተወላገደውን የራይዘር ቁራጭ ከነፍላንጁ፣ ብሎን ከሚታሰርበት ክብ ጠርዙ ጋር፣ አነሱት። በቦታው ከታች ፍላንጅ፣ ከላይ ለሃይድሮሊክ መያዣ የሚሆን አንገት ያለው አጭር ቧንቧ በብሎን ታሰረ። ስታኩ ጁላይ 12 በዚያ አንገት ላይ ተቀመጠ። ፍላንጆቹን የሚያጥብቀው የብረት ቀለበት ጓርኒሲዮን ነው፤ የቀለበቱ ቦይ ላይ ጥፍር የምታክል ጭረት ብትኖር በ400 እና በ500 ባር ግፊት ያፏጫል፣ ሲያፏጭም አሸዋው ብረቱን እየበላ ያሰፋዋል። ስለዚህ ከመገጠሙ በፊት ቦዩ በሮቦት ካሜራ ቀርቦ መታየትና መጽዳት አለበት። ይህን ቸኩሎ መዝለል ሁለት ጊዜ መሥራት ነው።

መዝጊያዎቹ በአንድ ጊዜ አይዘጉም። ጁላይ 15 መጀመሪያ መሃለኛው፣ ቀጥሎ የኪል መስመሩ፣ በመጨረሻ ቾኩ ቀስ በቀስ ተዘጉ፤ ከሰዓት በኋላ ፍሰቱ ቆመ። ቀስ የሚባለው ድንገተኛ መዝጋት ግፊቱን እንደ መዶሻ ወደ ታች ስለሚመታውና የተጎዳ ኬዚንግ፣ የጉድጓዱ ግድግዳ የሆነው የብረት ቧንቧ፣ ካለ ስለሚፈነቅለው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ፍርሃት አናቱ ሳይሆን ጎኑ ነው። በ1969 በካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ አካባቢ ጉድጓዱን ከላይ ሲደፍኑት ድፍድፉ የባሕሩን ወለል ሰንጥቆ በሌላ ቦታ ወጥቷል። ማኮንዶ ላይም ባለ 16 ኢንቹ ኬዚንግ ግፊት ሲበዛ እንዲቀደዱ የተሠሩ ዲስኮች ነበሩበት፤ ተቀድደው ከሆነ ጉድጓዱን ዘግቶ ማቆየት አደገኛ ነው።

ስለዚህ ግፊቱን ማንበብ የመሣሪያው ግማሽ ሥራ ነው። ከ8,000 እስከ 9,000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ፤ 14.5ቱ አንድ ባር ነው) ቢያሳይ ጉድጓዱ ደኅና ነው ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ ከ6,000 በታች ከሆነ የሆነ ቦታ ያፈሳል። የተነበበው 6,700 ሆነ፣ መሃል ላይ። ብዙዎች እንደገና ይከፈት ወደሚለው አዘነበሉ። በአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ይሠራ የነበረው ፖል ሼይ በሞባይል ተነሥቶ ከተላከለት የግፊት ሥዕል ተነሥቶ በአንድ ሌሊት ሞዴል ሠራ። ግፊቱ ያነሰው ጉድጓዱ ስለሚያፈስ ሳይሆን በሦስቱ ወር ፍሰት የድፍድፍ ማጠራቀሚያው ዓለት ስለተሟጠጠ ሊሆን እንደሚችል አሳየ። ግፊቱም እሱ እንዳለው በዝግታ እየወጣ ወደ 6,900 ተጠጋ። ጉድጓዱም ተዘግቶ ቆየ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ እጅግ የምናከብረው ሥራ ይህ ነው።

አናቱ ከተዘጋ በኋላ ጭቃ መጨመር ሌላ ነገር ሆነ። ኦገስት 3 የተጀመረው ስታቲክ ኪል በሊትር 1.58 ኪሎ የሚመዝን ጭቃ፣ ወደ 2,300 በርሜል፣ በስምንት ሰዓት ገደማ አስገባ፤ በደቂቃ አምስት በርሜል ያህል መሆኑ ነው። ከ80ው ጋር አስተያዩት። ስሌቱ ይህን ይመስላል። ጉድጓዱ አናት ላይ 475 ባር ይነበባል፤ የ4,000 ሜትር የድፍድፍ አምድ 220 ባር ይጨምራል፤ ታች ያለው ግፊት 700 ባር ገደማ ነው። የጭቃው አምድ 620 ባር፣ ከላዩ ያለው የባሕር ውኃ 150 ባር፣ ድምሩ 770። ጭቃው ያሸንፋል፣ መውጫ ስለሌለውም ወደ ታች ብቻ ይሄዳል። ኦገስት 5 ሲሚንቶ ተከተለ።

አጋዥ ጉድጓዶቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ሜይ 2፣ ሌላው ሜይ 16 ተጀመሩ። ሥራው ከ5,000 ሜትር በላይ ወርዶ በክንድ ስፋት የማይሞላ ቧንቧ ማግኘት ነው። በዓይን የሚታይ ነገር የለም። የኤሌክትሪክ ሞገድ ወደ ዓለቱ ይለቀቃል፤ ሞገዱ የዒላማውን ኬዚንግ ብረት ይዞ ይሄዳል፤ በዙሪያው የሚፈጠረውን መግነጢስ መለኪያው አንብቦ ርቀቱንና አቅጣጫውን ይናገራል። ጥቂት ይቆፈራል፣ መሣሪያው ወጥቶ እንደገና ይለካል፣ አቅጣጫ ይስተካከላል። ለዚህ ነው ወራት የሚፈጀው። በአውስትራሊያው ሞንታራ በ2009 ዒላማው የተገኘው በአምስተኛው ሙከራ ነው። ማኮንዶ ላይ በሴፕቴምበር አጋማሽ ደርሶ ሲሚንቶ ተሞላ፤ ጉድጓዱ መሞቱ የተነገረው ሴፕቴምበር 19 ቀን ነው። ዘገምተኛ ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻ አማራጭ ተደርጎ አይቀመጥም፤ በመጀመሪያው ቀን ይጀመራል።

እነዚህን ዛሬ ከየት ማግኘት ይቻላል? ለአፍሪካ ጠረፍ ቅርብ የሆነው የኦይል ስፒል ሪስፖንስ ሊሚትድ የአባልነት አገልግሎት ነው። አራት ካፒንግ ስታኮችን በኖርዌይ፣ በብራዚል፣ በሲንጋፖርና በደቡብ አፍሪካዋ ሳልዳኛ ያስቀምጣል፤ ሁለቱ ባለ 18¾ ኢንች 15,000 ፒኤስአይ፣ ሁለቱ ባለ 7 1/16 ኢንች 10,000 ፒኤስአይ ናቸው። አገልግሎቱ ጥሩ ነው፤ ዕቃው ተፈትሾ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል፤ ከእሱ ጋር ፍርስራሽ መቁረጫና ከጉድጓዱ አፍ ላይ ማሟሟያ ኬሚካል መርጫ አብሮ ይቀርባል። መርጫው ቅንጦት አይደለም፤ ድፍድፉ ከሥር ሲበታተን ወደ ላይ የሚወጣው ተቀጣጣይ ትነት ይቀንሳል፣ መርከቦቹም ሊጠጉ ይችላሉ። ውኃው ጥልቀት ካነሰና የጋዙ ዓምድ ቀጥ ብሎ ከመርከቡ ሥር ከወጣ ስታኩ ከላይ በክሬን ሊወርድ አይችልም፤ ከጎን የሚያስገባው መሣሪያ ጣሊያን፣ ትሪየስቴ ነው ያለው።

ድክመቱን ግን አባል የሚሆን ኩባንያ ማወቅ አለበት። ስታኩን ይሰጡታል፤ መርከቡን፣ ክሬኑን፣ ሮቦቶቹን፣ ሜታኖሉን የሚያመጣው ራሱ ነው። ብዙ ቀን የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የስታኩ መያዣ ከጉድጓዱ አንገት ዓይነት ጋር መግጠሙ በሥዕል ሳይሆን በልኬት ይረጋገጥ። ኬዚንጉ ሙሉ በሙሉ ቢዘጋ የሚመጣውን ግፊት መቻሉ ይሰላ፤ ካልቻለ ስታኩ መዘጋት አይችልም፣ ድፍድፉን ወደ መርከብ የሚያወጣ መስመር ሊቀጠልለት ግድ ነው። ስታኩን ከነመያዣው የሚያወርድ ክሬን ያለው መርከብ በየትኛው ወደብ እንዳለ በየወሩ ይጣራ። የብረት ቀለበት ጓርኒሲዮኖቹም ትርፍ ይያዝላቸው፤ አንዴ የተጨመቀ ቀለበት ሁለተኛ አይገጠምም።